ስቲንግሬይ፣ ጃዝ ቤዝ ወይስ ፎዴራ? ለባሕር ዳሩ ቤዚስት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጠያቂው ባሕር ዳር ውስጥ በሠርግና በሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች የሚሠራ ቤዚስት (ቤዝ ጊታር ተጫዋች) ነው። አሜሪካ ያለ አጎቱ ለፋሲካ ሲመጣ አንድ ጥሩ ባለ አምስት ክር ቤዝ ሊያመጣለት ቃል ገብቷል። ሦስት ዕቃ መርጧል፦ ፌንደር አሜሪካን ፕሮፌሽናል 2 ጃዝ ቤዝ፣ ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ ስፔሻል 5 እና ያገለገለ ፎዴራ ኢምፔረር 5። «ዩቲዩብ ላይ ሳዳምጥ ፎዴራው ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ ጃዝ ውሰድ ይሉኛል። በድምፅም በእጅ ምቾትም የትኛው ይሻላል? ልዩነቱስ እውነት ነው ወይስ የስም ዋጋ ነው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ልዩነቱ እውነት ነው። ዩቲዩብ ላይ የሰማኸው ግን አብዛኛው የቤዞቹ ልዩነት አይደለም። ኢ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ሄርዝ ገደማ ነው፤ አምስተኛው ቢ ክር ደግሞ 31 ሄርዝ ገደማ። የስልክ ስፒከር ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን ከሞላ ጎደል አያወጣውም። ጆሮህ ከላይ ካሉት ሃርሞኒኮች (ከመሠረቱ ድምፅ ጋር አብረው ከሚወጡት ከፍ ያሉ ድምፆች) ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ በስልክ ስታወዳድር የሰማኸው የጣት ኮሽታ፣ የአዲስ ክር ጥራትና ቀረጻውን የሠራው ሰው የጨመረው ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ መሣሪያ) ነው። ቢያንስ ጆሮ የሚሸፍን ጥሩ ሄድፎን ተጠቀም።

ሁለት ቤዝ በትክክል ለማወዳደር አራት ነገሮች እኩል መሆን አለባቸው፦ ክሩ፣ ሴትአፑ (የአንገቱ፣ የክሩና የፒክአፑ አቀማመጥ)፣ የድምፁ መጠን እና የሚሰካበት ቦታ። እነዚህ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው ገንዘብህን የምታወጣበት ነገር የሚታየው። እሱም የፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔት) ዓይነትና ቦታ፣ በአንገቱ ላይ ኖታዎቹ እኩል መጮኻቸው፣ የቢ ክር ጥራት እና በትከሻና በእጅ ላይ የሚሰማህ ነገር ነው።

ክሩን ቶሎ እንለፈው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ ያለው ክር ይሁን፤ ለባለ አምስት ከ45 እስከ 130 ያለው ኒኬል ክር ጥሩ መለኪያ ነው። አዲስ ስቲል ክር የገባለት ተራ ቤዝ፣ የስድስት ወር ክር ካለው ውድ ቤዝ የበለጠ ጥርት ብሎ ይጮኻል። የብዙ ሰው ፍርድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሴትአፑ ደግሞ «ለእጅ ይመቻል» የምንለውን ነገር አብዛኛውን ይወስነዋል። ቤዙን ቃኝተህ አንደኛውን ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር) በካፖ (ክሮቹን በሚጫን መያዣ) ያዝ፤ የመጨረሻውን ፍሬት በጣትህ ተጫን፤ ከዚያ ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ለካ። 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ካፖውን አውጣና 17ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ለካ፦ በወፍራሙ በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። አንዱ ቤዝ 2 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 3 ሚሊ ሜትር ላይ ቆሞ «ይሄኛው አንገት ይለሰልሳል» ማለት ሁለቱንም መበደል ነው። የፒክአፑ ከፍታም ይታይ። ማግኔቱ ወደ ክሩ በጣም ከቀረበ ክሩን ይስበዋል፤ ኖታው ቶሎ ይሞታል፣ በላይኞቹ ፍሬቶችም ቅኝቱ ይወላገዳል።

የድምፁ መጠን ጆሮን ከሁሉም በላይ ያታልላል። ፕሪአምፕ (በባትሪ የሚሠራ ማጉያ) ያለው አክቲቭ ቤዝ፣ ከሌለው ማለትም ከፓሲቭ ቤዝ የበለጠ ሲግናል ያወጣል፤ ጆሮ ደግሞ በትንሹም ቢሆን ከፍ ያለውን «ሙሉ ነው፣ ቤዙ ይበዛል» ብሎ ይመርጣል። በኮምፒውተር የተቀረጹትን ስታወዳድር የሁለቱን አማካይ መጠን በሜትር አይተህ ልዩነታቸውን ከግማሽ ዴሲቤል በታች አድርገው። ሚክሰር ላይ ከሆነ በጌይን (በመግቢያው ቁልፍ) አስተካክል፤ ፌደሩን (ተንሸራታቹን) አትንካ።

አራተኛው ነገር ላይ ቆም እንበል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ጃዝ ቤዝ «ደብዛዛ» ተብሎ የሚታማው በዚሁ ምክንያት ነው። በሠርግ ላይ አምፕ ከሌለ ቤዙ ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰካል። የሚክሰር ላይን ግብዓት ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ነው፤ ፓሲቭ ፒክአፕ ደግሞ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ ግብዓት ይፈልጋል። ያን ያህል ዝቅተኛ ግብዓት ላይ ሲሰካ የላይኛው ድምፅ ይቆረጣል፣ መጠኑም ይወርዳል። ስቲንግሬዩ ግን ውስጡ ባለው ፕሪአምፕ ምክንያት ምንም አይመስለውም። ያኔ ሳውንድ ማኑ «አክቲቩ ይሻላል» ይላል፤ እውነቱ ግን ጃዙ ተገቢው ቦታ ላይ አልተሰካም። መፍትሔው አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (የቤዙን ሲግናል ለሚክሰር የሚያመቻች ሳጥን) ነው፤ ወይም ሚክሰሩ «ሃይ ዚ» የሚል ቁልፍ ካለው እሱን መጫን። ረጅም ኬብልም ፓሲቭ ቤዝን ያደበዝዛል፤ ከ6 ሜትር አትለፍ።

አሁን ቤዞቹ ያሉት አሜሪካ ነው፤ አንተ ደግሞ እዚህ ነህ። ስለዚህ አጎትህ ወይም ሻጩ ቀረጻ እንዲልክልህ ጠይቅ። ቀረጻው ከቤዙ ቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርድ፣ ያለ ምንም ኢኪው (የቃና ማስተካከያ)፣ በዌቭ ፋይል ይሁን። መጀመሪያ አምስቱም ክሮች ባዷቸውን አንድ በአንድ ተመትተው እስኪሞቱ ድረስ ይተዉ። ቀጥሎ ጂ ክር ላይ ከ1ኛው እስከ 12ኛው ፍሬት እያንዳንዱ ኖታ ለአራት ሰከንድ ይያዝ። በቦልት የተያያዘ አንገት ያላቸው ቤዞች ጂ ክር ላይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት ባለው ቦታ «ሙት ቦታ» ይኖራቸዋል፤ አንገቱ ራሱ በዚያ ድምፅ ስለሚንቀጠቀጥ የክሩን ጉልበት ይወስደዋል። በሁሉም ላይ እኩል አይደለም፤ በአንዳንዱ ኖታው ትንሽ ብቻ ያጥራል፣ በአንዳንዱ ግን ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በሴትአፕ የማይስተካከል ጉድለት ስለሆነ ከመግዛትህ በፊት ስማው።

ለመጫወት የሚችል ሰው ካለ ሁለት ነገር ይጫወትልህ። አንዱ ቀስ ያለ የትዝታ መስመር ነው፤ ከሲ ተነሥቶ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ እያለ እያንዳንዱን ኖታ ሙሉውን ይያዝ። የኖታው መሃልና መጨረሻ ምን እንደሚሆን ይነግርሃል። ሁለተኛው የ6/8 ችክችካ ነው፤ አጭር፣ የተቆረጠ፣ ከበሮው ላይ የሚያርፍ። እዚህ የምትሰማው የኖታውን መነሻ ነው። አምባሰልን ከሲ አንስተህ ዲ ፍላትና ኤ ፍላት ላይ ስትቆም ደግሞ ኢንቶኔሽኑ (በየፍሬቱ ያለው ቅኝት) ቀጥ ማለቱን ታውቃለህ፤ በመሲንቆና በክራር አጠገብ ትንሽ የተዛባ ቤዝ ወዲያው ይጋለጣል። ስትሰማ የትኛው የትኛው እንደሆነ አትይ፤ ጓደኛህ ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይሰይምልህ።

ወደ ሦስቱ እንምጣ።

ጃዝ ቤዝ በ1960 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም፦ ሁለት ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ፣ ቀጭን አንገት፣ 34 ኢንች ማለትም 864 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት። ሁለቱም ቮሊዩም ሙሉ ሲከፈት የሁለቱ ፒክአፖች ድምፅ ሲገናኝ መሃሉ ትንሽ ይጎድላል፤ ታችና ላይ ያበራል። ለስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ ለመጫወት) የሚወደደውም ለዚህ ነው። የብሪጁን (ክሮቹ ታች በሚያርፉበት በኩል ያለውን) ፒክአፕ ብቻ ስትከፍት ድምፁ ይጠብባል፣ እያንዳንዱ ኖታ ይለያል። ችግሩ ሃሙ (ከመብራት የሚመጣው ጉርምርምታ) ነው። ሁለቱ ፒክአፖች አንዱ የሌላውን ሃም የሚያጠፉት እኩል ሲከፈቱ ብቻ ነው። አንዱን ስትቀንስ የ50 ሄርዝ ጉርምርምታ ይመለሳል፤ ኤርዝ በሌለው ቤት ወይም ጄኔሬተር ሲነሣ ይብሳል። የዚህ ሞዴል አንገት ውስጥ ሁለት የግራፋይት ዘንጎች ስላሉ ግን በአየር ለውጥ በቀላሉ አይዛባም።

ስቲንግሬይ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፕሪአምፕ ተገጥሞለት በፋብሪካ ደረጃ በብዛት ከተሠሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ስፔሻል የሚባለው ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ሲሆን በ18 ቮልት ይሠራል፤ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ማለት ነው። ፒክአፑ ሃምበከር (ሃምን የሚያጠፋ ባለ ሁለት ጥቅል) ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው። መነሻው ጠንካራ ነው፤ ጣትህ ክሩን እንደነካ ኖታው ይወጣል፣ በችክችካ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ ፒክአፕ ያለውን ሳይሆን ባለ ሁለት ፒክአፑን ፈልግ፤ የኔኩ (በአንገቱ በኩል ያለው) ፒክአፕ ለትዝታና ለዝግታ ዜማ የሚያስፈልግህን ክብ ድምፅ ይሰጥሃል። አንገቱ በእሳት የደረቀ ሜፕል ነው፣ በዘይትና በሰም የተወለወለ፤ እጅ ላይ አይጣበቅም። ልትጠላው የምትችለው ነገር የክሮቹ መቀራረብ ነው፦ ብሪጁ ላይ በሁለት ክሮች መካከል 17.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ያለው፤ በብዙ ቤዞች ላይ 19 ነው። ጣትህ ወፍራም ከሆነ ወይም ስላፕ የምታበዛ ከሆነ ለመልመድ ጊዜ ይወስድብሃል።

ፎዴራ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሩክሊን ውስጥ በእጅ የሚሠራ ነው፤ አሜሪካዊው ቤዚስት ቪክተር ውተን ለአሥርተ ዓመታት የተጫወተበት ስም ነው። ጥራቱ ወሬ አይደለም። ኖታዎቹ ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ መጨረሻው እኩል ይወጣሉ፤ ቢ ክሩ ከኢ ክር ተለይቶ አይንጠለጠልም፤ ፍሬቶቹ ተስተካክለው የተሠሩ በመሆናቸው ክሩን በጣም ዝቅ ብታደርገው እንኳ አይንጫጫም። ነገር ግን አብዛኞቹ በትዕዛዝ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለት ኢምፔረር አንድ አይደሉም። የክር ርዝመቱን፣ የፒክአፑን ዓይነት፣ የፕሪአምፑን፣ የእንጨቱን ለይተህ ሳትጠይቅ «ፎዴራ» ብለህ መግዛት ምን እንደገዛህ አለማወቅ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ያማረ እንጨት ለዓይን ነው፤ ለድምፅ ከፒክአፑ ቦታ ጋር የሚወዳደር ድርሻ የለውም። የብራዚል ሮዝውድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አያልፍም፤ ዛፉ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ውስጥ ነው።

ክብደትን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ለሠርግ ቤዚስት ግን ዋና ጥያቄ መሆን አለበት። ሻጩ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ፎቶ ይላክልህ። 9 ፓውንድ ማለት 4.1 ኪሎ ነው፤ 10 ፓውንድ 4.5 ኪሎ። ከ4.5 ኪሎ በላይ የሆነ ቤዝ ከምሳ እስከ ማታ በሚቆይ ሠርግ ላይ ትከሻህን ይቆርጣል፣ ከዚያም ግራ እጅህ ይደክማል፣ ከዚያም ጨዋታህ ይበላሻል። ሚዛኑም ይታይ፦ በማንገቻ ሰቅለህ ግራ እጅህን ስትለቅ አንገቱ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ በግራ እጅህ ልትሸከመው ነው።

ስለ ቢ ክር አንድ ነገር ልጨምር። ባለ አምስት መምረጥህ ትክክል ነው፤ ዘፋኞች ዲ፣ ኢ ፍላትና ሲ ላይ ሲያዘፍኑህ ታችኛውን ዲና ሲ ማግኘት ያስደስታል። ግን በአብዛኛው አዳራሽ ያለው ስፒከር 31 ሄርዝን አያወጣም፤ ሕዝቡ የሚሰማው እጥፉን፣ 62 ሄርዝ ገደማ ያለውን ነው። ስለዚህ ጥሩ ቢ ክር ማለት መሬት የሚያንቀጠቅጥ ሳይሆን እጥፉና ከዚያ በላይ ያለው ጥርት ብሎ የሚወጣለት ነው። ቀረጻው ሲመጣልህ ቢ ክር ላይ 5ኛው ፍሬት ያለውን ኢ፣ ከባዶው ኢ ክር ጋር አወዳድር። ሁለቱ ኖታ አንድ ነው፤ የቢ ክሩ ደብዝዞ ከተሰማ ቤዙ ወይም ክሩ ደካማ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ሌላም የሚታሰብ አለ። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፣ በበጋ ደግሞ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። እንጨት ከዚህ ጋር ይንቀሳቀሳል። በበጋ የጣት ሰሌዳው ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ይወጣና በአንገቱ ጎን መዳፍህን ይቧጭራል፤ በክረምት ደግሞ የአንገቱ ጉብጠት ይለወጣል። ወዴት እንደሚለወጥ ከአንገት አንገት ይለያያል፤ ለዚህ ነው በዓመት ሁለቴ፣ በሰኔና በኅዳር፣ ከላይ እንዳልኩት በፊለር ጌጅ መለካት ያለብህ። በደረቁ ወራት ሳጥኑ ውስጥ በተበሳ ፕላስቲክ የተቀመጠ እርጥብ ስፖንጅ ይበቃል፤ በክረምት ስፖንጁን አውጣ። ስቲንግሬዩ እዚህ ላይ ትልቅ ብልጫ አለው፦ የትረስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ሆኖ ጉብጠቱን የሚያስተካክለው ዘንግ) መንኮራኩር አንገቱ ከቦዲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ስለሆነ ክሩን ሳትፈታ፣ አንገቱን ሳታወልቅ ታዞረዋለህ።

ቦታውም ድምፁን ይለውጠዋል። ቆርቆሮ ጣራና ሲሚንቶ ግድግዳ ባለው አዳራሽ ከ80 እስከ 120 ሄርዝ ያለው ያስተጋባል፤ ቤዙን ከመጨመር ከዚያ መቀነስ ነው የሚያጠራው። በሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ግን ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ያው ቤዝ ቀጥኖ ይሰማሃል። ፕሪአምፑን ቤትህ ውስጥ ቤዝና ትሬብሉን ከፍተህ መሃሉን ጥለህ ካስተካከልከው ደግሞ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ሲገባ ትጠፋለህ። ከ250 እስከ 800 ሄርዝ ያለውን መሃል ጠብቀው፤ ቤዝ በባንድ ውስጥ የሚሰማው እዚያ ነው። የባህል ባንድ ስትሠራና የቤዝ ክራርን አጭር፣ ደረቅ ድምፅ ስትፈልግ አዲስ ቤዝ አያስፈልግህም፦ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፍራሽ ስፖንጅ ቁረጥና በብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር አስገባ፤ በአውራ ጣትህ ሥጋ ምታ። ኖታው እንደ ተመታ ይዘጋል፣ ቃናው ግን ይቀራል።

ሃም ሲበዛ የመብራት ኬብሉን የግራውንድ እግር አትቁረጥ። የቤዝ ክሮች በብሪጁ በኩል ከግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ አንተ ክር ይዘህ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ በሁለት የተለያዩ ሶኬቶች መካከል ባለው የቮልቴጅ ልዩነት ምክንያት ኤሌክትሪክ በአንተ በኩል ያልፋል። አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት አውጣ፤ የዲአይ ቦክሱን ግራውንድ ሊፍት ቁልፍ ተጫን።

እንግዲህ ምርጫዬ ስቲንግሬይ ስፔሻል 5፣ ባለ ሁለት ፒክአፑ ነው። ለሥራህ ጸጥታው፣ የኖታው መነሻና አንገቱን ራስህ ማስተካከል መቻልህ ከምንም በላይ ይጠቅሙሃል። ጃዙን የምመክርህ ሥራህ አብዛኛው ስቱዲዮ ቢሆን ነበር፤ እዚያ ሃሙን ትቆጣጠረዋለህ፣ ፓሲቭነቱም ለቀራጩ ብዙ ቦታ ይተውለታል። ፎዴራው ከሦስቱ በእጅ ሥራ የሚበልጠው ነው፤ ነገር ግን የሚበልጥበት ነገር ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ አይሰማም፣ በዋጋው ሁለት ስቲንግሬይ ይገዛል፣ ፕሪአምፑ ቢበላሽ ደግሞ አካባቢህ ላይ መለዋወጫ የለም። የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ አክቲቭ ዲአይ ቦክስና ሰፊ ማንገቻ ግዛበት። የስቲንግሬዩ ድክመት ባትሪ ሲያልቅ ፓሲቭ መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ምልክቱ ነው፤ ዝም እስኪል አትጠብቅ። ኬብሉ እንደተሰካ ባትሪው ስለሚሠራ በእረፍት ሰዓት ንቀለው።

አጎትህ ከቤዙ ጋር አራት አልካላይን ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ስብስብ ከ45 እስከ 130 ክር እና በኢንች የሚለኩ የአለን ቁልፎች ይያዝ፤ የሚሊ ሜትሩ ቁልፍ የብሪጁን ብሎኖች ራስ ይበላዋል። ለጉዞ ክሮቹን አንድ ሙሉ ቶን ብቻ ያርግብ፤ ሙሉ በሙሉ አይፍታ። ሲደርስ ሳጥኑን ወዲያው አትክፈት፤ ተዘግቶ እስከ ማግስቱ ይደር። ከዚያ ቃኝና እየተጫወትክ አንድ ሳምንት ጠብቅ፤ አንገቱ የባሕር ዳርን አየር እስኪለምድ የምትለካው ልክ ይለወጣል። ከሳምንት በኋላ ለካ፤ ክፍተቱ ከ0.3 ከበለጠ የትረስ ሮዱን አጥብቅ፣ ካነሰ አላላ። በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ አዙር፤ ደግመህ ቃኝተህ እስከ ነገ ተወው፣ ከዚያ ለካ። የክሩ ከፍታና ኢንቶኔሽን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። መንኮራኩሩ በሩብ ዙር ካልዞረ ኃይል አትጨምር፤ ክሩን አርግበህ ሞክር፣ አሁንም እምቢ ካለ እጅህን አንሣ፤ የተሰበረ ትረስ ሮድ ማለት አዲስ አንገት ማለት ነው።